በኮባ ቅጠል የበሉት መምህርት፦ የወይዘሮ የሻረግ ሀብተሥላሴ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ የሻረግ ሀብተሥላሴ ከአባታቸው ከፍርድ ቤት ጸሐፊው ከአቶ ሀብተሥላሴ ይፍሩ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በዛወርቅ ወልደማርያም ግንቦት 12 ቀን 1947 ዓ.ም. በጨና ወረዳ፣ ዋጫ ከተማ ተወለዱ። ያደጉበት ቤት ወግ አጥባቂ ነበር። ማን ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ማን ደጅ እንደሚቀር ማንም ሳይናገር ይታወቅ ነበር። የሻረግ ግን ገና በልጅነታቸው «ለምን?» ማለት ያበዙ ስለነበር እናታቸው «ይህች ልጅ ዳኛ ፊት መቆሟ አይቀርም» ይሉ ነበር። ትንቢቱ ሠርቷል፤ የቆሙት ግን የእድር ዳኛ ፊት ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዋጫ፣ ሁለተኛ ደረጃን በቦንጋ ተከታትለው ጅማ በመምህርነት ሠለጠኑ። በ1969 ዓ.ም. በጌሻ ወረዳ ደካ ተመደቡ። የካፋን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ የተማሩት እዚያ ነው። አነጋገራቸው ተማሪዎቻቸውን እስከ መጨረሻው ሲያስቃቸው ኖሯል፤ እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር። በአካባቢያችን ማንጆ የሚባሉ ወገኖቻችን ከጥንት ጀምሮ ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ አይቀርቡም፤ ልጆቻቸውም ክፍል ውስጥ ከኋላ ነበር የሚቀመጡት። መምህርት የሻረግ በየሳምንቱ ሰኞ የሁሉንም ተማሪ መቀመጫ ይቀያይሩ ጀመር። በዚህ ተቆጥተው ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ያስቀሩ ወላጆች ቤት እየዞሩ፣ እየተሰደቡም ቢሆን፣ አንድ በአንድ መለሷቸው።

በ1974 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊው ከአቶ ሰብሃት ገብረሕይወት ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳሰሩ። አንድ ቀሚስ ለመስፋት ሦስት ጊዜ ልክ የወሰዱ ልብስ ሰፊ ምን ፈልገው እንደዘገዩ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሰብሌን፣ ዮሴፍን (ዮሲን) እና ፀዳለን (ፀዲን) አፍርተው በ1985 ዓ.ም. ወደ ቦንጋ ተዛወሩ። ወይዘሮ የሻረግ በቦንጋም እስከ 2007 ዓ.ም. አስተምረው በጡረታ ተገለሉ። ቤተሰቡ አሁን ያርፋሉ ብሎ ነበር። ቤተሰቡ ተሳስቷል።

ጎረቤታቸው አቶ ውባየሁ ከሺሺንዳ አቅጣጫ የመጡ የማንጆ ተወላጅና የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። በሰፈራችን በወንዝ ማዶ እድር የሰው ሞት በተሰማ ቁጥር ቀድመው ደርሰው መቃብር ይቆፍራሉ፣ ድንኳን ይተክላሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ። የምግብ ሰዓት ሲደርስ ግን ሌላው ድንኳን ውስጥ በሳህን ሲበላ፣ ለእሳቸው ደጅ ላይ በኮባ ቅጠል ይሰጣቸው ነበር። አባል መሆንም አይችሉም ነበር። ሚያዝያ 2008 ዓ.ም. የአቶ ውባየሁ እናት ሲሞቱ እድሩ ድንኳን አላወጣም። ለቅሶ የተቀመጠላቸው ሰው ጥቂት ነበር። ወይዘሮ የሻረግ ሦስቱንም ቀን አብረዋቸው ተቀምጠው ተመለሱና ብዕር አነሱ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በአቶ ውባየሁ ስም ለእድሩም ለዞኑም አቤቱታ ሲያስገቡ ባለጉዳዩን አልጠየቁም ነበር። ወሬው ሲሰማ የእድሩ ሰዎች አቶ ውባየሁን «ከሳሽ» ብለው ፊት ነሷቸው። አቶ ውባየሁም መጥተው «ቲቸር፣ ስሜን ያለ እኔ ለምን አስገቡት? እኔ የፈለግሁት ወረቀት አይደለም፤ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው ነው» አሏቸው። ወይዘሮ የሻረግ ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታ መጠየቅ የማይሆንላቸው ሴት ነበሩና ቀኑን እናስታውሰዋለን።

በቀጣዩ ለቅሶ፣ ሐምሌ ላይ፣ ከድንኳኑ ወጥተው ከአቶ ውባየሁ ጎን ተቀመጡና ምግባቸው በቅጠል እንዲቀርብላቸው ጠየቁ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሰለሞን ራሳቸው ወጥተው «ቲቸር፣ ለእርስዎ እኮ ሳህን አለ» ቢሏቸው፣ «ይቆይልኝ ጋሽ ሰለሞን፣ ለጎረቤቴ ሲመጣ አብሮ ይመጣልኛል» አሉ። ሽሮው በቅጠሉ ጫፍ ወርዶ ነጠላቸውን አበላሸው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ የእህታቸው ልጅ ቀጸላ፣ በዚያ ቀን ከሩቅ ቆሞ እንዳላየ መስሎ እንደነበር ዛሬ በሕዝብ ፊት ያምናል።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። እድሩ ከመዝገብ እሰርዛቸዋለሁ ብሎ አስጠነቀቀ። በአገራችን ከእድር መሰረዝ ማለት በሞት ቀን ቀባሪ ማጣት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በጥር 2009 ዓ.ም. ሰብሌ ስትዳር የእድሩ ሴቶች ለሥራ ሳይመጡ ቀሩ። ያን ዕለት ወይዘሮ የሻረግ ጓዳ ገብተው አለቀሱ፤ አምርረው አለቀሱ። በሚቀጥለው ለቅሶ ግን ዝምተኛው አቶ ሰብሃት የራሳቸውን ኮባ በመቀስ አስተካክለው ቆርጠው መጡና ከባለቤታቸው ጎን ተቀመጡ። ቀጥሎ ፀዲ መጣች፤ ከዚያ የድሮ ተማሪዎቻቸው፣ ከዚያ መምህራን። ቀጸላም አፍሮ መጣ። እየቆየ ከውስጥ ይልቅ ደጅ የሚበላው በዛ፤ የሰፈሩም ኮባ ተመናመነ።

እድሩ በዚህ ተቆጥቶ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤ ጠራና «ከዛሬ ጀምሮ በእድሩ ለቅሶ ማንም ሰው በቅጠል እንዳይበላ» ብሎ ወሰነ። ሐሳቡ መምህራኑን ወደ ድንኳን መመለስ ነበር፤ አቶ ውባየሁ በምን እንደሚበሉ ያሰበ አልነበረም። በሚቀጥለው ለቅሶ ሴቶቹ ኮባ ሲያመጡላቸው ጋሽ ሰለሞን ከለከሉ። ጋሽ ሰለሞን ያልወደዱትንም ሕግ ቢሆን የሚያከብሩ ሰው ናቸው። «ቃለ ጉባኤው ማንም ሰው ይላል፤ ውባየሁ ሰው አይደለም የሚል ካለ ይነሳ» አሉ። የተነሳ የለም። ሳህኑን በእጃቸው ሰጥተው ወደ ድንኳን አስገቧቸው። አቶ ውባየሁ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ በአባልነት ተመዘገቡ፤ ከእሳቸው በኋላ ሌሎች አምስት አባወራዎች ገብተዋል። ወይዘሮ የሻረግና ጋሽ ሰለሞንም ከዚያ በኋላ ለመጨቃጨቅ ሲሉ ብቻ ይጠያየቁ ነበር።

ወይዘሮ የሻረግ ባደረባቸው የልብ ሕመም በቦንጋና በጅማ ሲታከሙ ቆይተው፣ ሐኪሞቻቸውንም ማን ከማን ቀድሞ እንደሚታይ ሲሞግቱ ከርመው፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ70 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው አቶ ሰብሃት፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ላይ ናቸው። ትናንት አቶ ውባየሁ እንደ ልማዳቸው አካፋ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ ጋሽ ሰለሞን መንገድ ላይ አግኝተዋቸው አካፋውን ተቀበሏቸው። «ሐዘንተኛ አይቆፍርም» አሏቸው። መቃብሩን የቆፈሩት የእድሩ ሽማግሌዎች ናቸው። አቶ ውባየሁ ከአቶ ሰብሃት ቀጥሎ ተቀምጠዋልና፣ ለቀስተኞች ሆይ፣ ወንድማቸውን ሳታጽናኑ እንዳታልፉ።

እግዚአብሔር የእናታችንን የወይዘሮ የሻረግን ነፍስ ደጅ የሚቀር በሌለበት ማዕድ ከደጋጎቹ ጋር ያስቀምጥልን። አሜን።