ዜሮ ተብሎ ስለተመዘገበው የወፎች ውኃ

«በሁለተኛውና በሦስተኛው መለኪያ መካከል በየሰከንዱ ሠላሳ ስምንት ሊትር ውኃ እየጠፋ መሆኑን መሣሪያዎቻችን ያለ ስሕተት አረጋግጠዋል። በዚህ ርቀት ላይ ከወድ ሸዋጊብ መንደር በስተቀር ሌላ ነዋሪ ስለሌለ ውኃውን የሰረቀው ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። ስለዚህ የመንደሩ የመስኖ በሮች ከእሑድ ጃንዋሪ 26 ጀምሮ ለሃያ ቀናት ተዘግተው ይቆያሉ።»

ለተከበሩ መሐንዲስ ሙንተሲር አልሐዲ፣
የኡም ዱፈይራ ቦይ የውኃ ልኬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ እርስዎ በሙሉ ጤንነት፣ መብራትዎ ሳይቆራረጥ፣ የጣሪያዎ ማራገቢያም በሙሉ ፍጥነቱ እየዞረ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ሌቦቹ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።

ከላይ ቃል በቃል የገለበጥኩት ባለፈው ሰኞ በመስጊዳችን በር ላይ ያስለጠፉት ማስታወቂያ ነው። በመንደሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሃያ ስድስት ዓመታት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ማስታወቂያውን የጻፈልዎት ጸሐፊ ተማሪዬ እንደነበረ ከእጅ ጽሑፉ ለይቻለሁ። ጽሑፉ ንጹሕ ነው፤ እኮራበታለሁ። ፊዚክሱ ግን ከእኔ የተማረው አይደለም።

በቅድሚያ ስለ አክብሮትዎ ምስጋናዬን ላቅርብ። ትናንት በአንድ ባልዲ ሲጣላ የነበረው መንደር ዛሬ በቀን ከሦስት ሚሊዮን ሊትር በላይ የሚሰርቅ፣ ቀን ከሌት ሳያርፍ፣ ለጁምዓ ሶላት እንኳ ሥራውን ሳያቋርጥ የሚተጋ ድርጅት ተደርጎ መቆጠሩ ታላቅ ሹመት ነው። ጎረቤቴ ሐጃ አልሲራ ማስታወቂያውን ሳነብላት፣ «የሰረቅሁትን ውኃ የት እንዳስቀመጥኩት ያ መሐንዲስ ካወቀ ይንገረኝ እንጂ! ስንዴዬ ጠምቶታል» ብላለች። ጥያቄዋን እንዳለ አስተላልፌያለሁ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላልና፣ በእርስዎ መልካም ፈቃድ ከሥሩ ልጀምር።

፩. መሣሪያዎን አልከስም። የቦዩ ውኃ በሚያልፍበት ቱቦ ግራና ቀኝ በሰያፍ የሚተያዩት ሁለት ጆሮዎች የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ይለዋወጣሉ፤ ድምፁ ከውኃው ጋር ሲሄድ ይፈጥናል፣ ውኃውን ተቃርኖ ሲመጣ ይዘገያል፤ ከልዩነቱም የውኃው ፍጥነት ይታወቃል። ያማረ፣ የማይዋሽ ሥራ ነው። ነገር ግን ሥራውን ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ውኃ አሳይቶ «ዜሮ ማለት ይህ ነው» ሊለው ይገባል። መሣሪያው የተነገረውን ሁሉ ያምናል። በዚህ ረገድ ከጽሕፈት ቤትዎ ጋር ይመሳሰላል።

፪. ማክሰኞ ኖቬምበር 12 ቀን ሁለት ባለሙያዎችዎ ከመንደራችን በታች ባለው ቱቦ ላይ ሦስተኛውን መለኪያ ዜሮ ሊያስይዙ መጡ። ከቱቦው በላይ ያለውን በር የሚጠብቁትን አዛውንት፣ ሁላችንም «ዐም»፣ ማለትም አጎት፣ የምንላቸውን ኸለፈላን፣ «ዐም፣ በሩን ይዝጉልን» አሏቸው። ዐም ኸለፈላም መዘውሩን እስኪቆም ድረስ አዞሩት፤ የብረቱ በር ወርዶ «ጓ!» አለ፤ ባለሙያዎቹም በዚያ ድምፅ ረኩ። በሩ ያረፈው ግን ወለሉ ላይ አይደለም፤ ድንጋዩ ላይ ነው።

ድንጋዩን የማያውቅ አንድ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ብቻ ስለሆነ ላስረዳ። የዐም ኸለፈላ አባት የዚያ በር ጠባቂ በነበሩ ጊዜ፣ ከበሩ ሥር ሦስት ጣት የሚያህል ድንጋይ አስቀምጠዋል። በእኛ ቦይ ላይ እንዲህ ያለ ድንጋይ የሌለው የመንደር በር የለም። ውኃ ጨርሶ አይዘጋም፤ መንገደኛው፣ ፍየሏና ወፎቹ ድርሻ አላቸው። ይህን ከእኛ ዘንድ አህዮች እንኳ ያውቁታል፤ በጽሕፈት ቤትዎ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቦዩ ሥዕል ውስጥ ግን የለም። ከባለሙያዎቹ አንዱ አራት ደረጃ ወርዶ የቱቦውን አፍ ቢመለከት ኖሮ፣ የወፎቹ ውኃ ኮለል እያለ ሲያልፍ ባየ ነበር። ስለዚህ መሣሪያው የሚሄድ ውኃ እያየ «ይህ የቆመ ነው» ተብሎ ተማረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሚያልፈው ውኃ ላይ ያንኑ ያህል እየቀነሰ ይነግርዎታል። ሁለተኛው መለኪያ ድንጋይ በሌለው በራስዎ ግቢ በር ላይ በትክክል የተስተካከለ በመሆኑ፣ በሁለቱ መካከል ልዩነት ተፈጠረ፤ ልዩነቱም ስም ያስፈልገው ነበርና «ስርቆት» ተባለ።

፫. ይህኛው አቤቱታ በራሴ ላይ ነው። ባለሙያዎቹ ደረጃውን ያልወረዱት ከስንፍና ብቻ አይደለም። ሰዓቱ የቁርስ ሰዓት ነበር፤ እኔም ከመንገዱ ማዶ ሆኜ፣ «ቁርስ ሳትቀምሱ ብትሄዱ ሚስቴ የተፈታች ትሁን!» ብዬ ማልኩ። ታናሽየው፣ «ኡስታዝ፣ ውኃው ጸጥ ማለቱን ግማሽ ሰዓት ያህል ማየት አለብን» ብሎኝ ነበር። «ውኃው የት ይሄድብሃል? ፉሉ ነው የሚቀዘቅዘው» አልኩት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ልጆችን «ሳታዩ አትጻፉ» ያልኩ ሰው ይህን በመናገሬ አፍራለሁ። እነርሱ ሦስት ሳህን ፉል በኒሙ ዛፍ ሥር እስኪጨርሱ ድረስ መሣሪያው ብቻውን ተምሮ ጨረሰ። ከጥፋቱ የእኔን ድርሻ ወስጃለሁ፤ የእርስዎ ድርሻ ሳይነካ ይጠብቅዎታል።

፬. እኔ ግን እንደ ማስታወቂያዎ ያለ ስሕተት አላረጋገጥኩም፤ ለክቻለሁ። ረቡዕ ዕለት በሩ ድንጋዩ ላይ እንዳረፈ፣ ከቱቦው በታች አሥር ሜትር ቦይ ከነስፋቱና ከነጥልቀቱ በሜትር ለክቼ፣ ደረቅ የማሽላ አገዳ ቁራጭ እየጣልኩ አሥራ ሰባት ጊዜ ሰዓት ያዝኩ። ከላይ ያለው ውኃ ከሥሩ ስለሚፈጥን የሚገባውን ቀነስኩ። ውጤቱ በሰከንድ ሠላሳ ሰባት ሊትር ተኩል ነው። የቀረችውን ግማሽ ሊትር ወፎቹ ጠጥተዋት ይሆናል። በዚያው ሰዓት የመሣሪያዎ መስኮት «0.0» ይል ነበር። በእርስዎ ልኬት መሠረት የታችኛው መንደር አህዮች ከኖቬምበር ጀምሮ ዜሮ ሲጠጡ ከርመዋል፤ ወፍረዋልም።

፭. ቀልዴን እዚህ ላይ አቆማለሁ። የሐጃ አልሲራ ስንዴ አሁን ፍሬው ወተት ይዟል። ባሏ ከሞተ ወዲህ አራት ፌዳን መሬቷን ብቻዋን ነው የምታርሰው፤ የዓመቱ የቤቷ ዳቦ እዚያ ቆሟል። በዚህ ወር ለሃያ ቀን ውኃ ያልጠጣ ስንዴ ገለባ ነው። እርሷ እንኳን ሠላሳ ስምንት ሊትር በሰከንድ፣ ተራዋ ሳይደርስ አንድ ጣሳ ነክታ የማታውቅ ሴት ናት። የመንደሩ ማሳ ሁሉ እንደዚያው ነው።

የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም፤ ባለሙያዎቹ ተመልሰው በእውነት በቆመ ውኃ ላይ ዜሮውን ያስይዙ። ድንጋዩን በተመለከተ ዐም ኸለፈላን ለምኛለሁ። «ለብረት ጆሮ ብዬ የአባቴን ድንጋይ ላንሳ?» አሉኝ። «ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ ዐም» አልኳቸው። «ወፎቹስ?» «በገንዳ እንሞላላቸዋለን።» «እንሞላለን አትበል፤ አንተ ትሞላለህ። እንግዶቹን ጎትተህ የወሰድክ አንተ ነህ። ለአሥራ ሰባት ጊዜ አገዳ የወረወረ ክንድ ባልዲ አይከብደውም።» ተስማምተናል። ገንዳው ከዛሬ ጀምሮ ሙሉ ነው።

ስለዚህ እስከ ሐሙስ ጃንዋሪ 23 ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ፣ በፊርማዎና በማኅተምዎ የተረጋገጠ የጽሑፍ መልስ፣ የመዝጊያው ትእዛዝ መነሣቱንና ባለሙያዎቹ የሚመጡበትን ቀን የሚገልጽ፣ ማስታወቂያው በተለጠፈበት በዚያው የመስጊድ በር ላይ፣ «የሰረቀው» ከሚለው ባላነሰ ፊደል እንዲለጠፍልን እጠይቃለሁ።

ያለ ስሕተት የመኖር ጸጋዎ ይብዛልዎ እያልኩ፣ ከበሩ በታችም ከደረጃው በላይም ሆኜ ዘወትር የማከብርዎ፣

አልሽፊዕ ባቢክር ሐጅ ኑር
የፊዚክስ መምህር፣ ወድ ሸዋጊብ
ጃንዋሪ 16

ማስታወሻ፦ ባለቤቴ ከልቱም ይህን ደብዳቤ አንብባ አንድ ነገር እንድጨምር አዝዛኛለች። ለአንድ ሳህን ፉል ተብሎ ፍቺዋ ዳግመኛ እንዲማልባት አትፈቅድም። ስለዚህ ባለሙያዎችዎ ሲመጡ መጀመሪያ አራቱን ደረጃ ይወርዳሉ፣ ውኃው መቆሙን በዓይናቸው ያያሉ፣ ከዚያ በኋላ ቁርስ ይቀርባል። እርስዎም አብረው ቢመጡ ደስ ይለናል፤ ሳህንዎ ባዶ ሆኖ ይጠብቅዎታል፣ ዜሮ ምን እንደሚመስል በደንብ እንዲያዩት።