“ደም ማነስ ነው” ብለው የሸሸጉት ሕመም፦ የአቶ ዘገዬ ሙላው የሕይወት ታሪክ

አቶ ዘገዬ ሙላው ከአባታቸው ከአቶ ሙላው ገብረእግዚአብሔር እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ገበያነሽ ተሰማ በ1941 ዓ.ም. በፍቼ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ተከታትለው፣ በላቦራቶሪ ቴክኒሽያንነት ሠልጥነው፣ ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ አንድ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። በዚያ ዘመን ደም የሚለካው በቀጭን የመስታወት ቱቦ፣ በአፍ እየተሳበ ነበር። አልፎ ከንፈር የነካ እንደሆነ ተፍቶ፣ ተጉመጥምጦ መቀጠል ነው። አቶ ዘገዬ ይህን ሲያወሩ ይስቁ ነበር።

በ1968 ዓ.ም. ከወ/ሮ ፋናዬ ወርቁ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሣራንና ምስጋናን ወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1997 ዲቪ ደርሷቸው ከነቤተሰባቸው አትላንታ ገቡ፤ ቻምብሊ በተባለ ሰፈር አፓርትመንት ተከራይተውም የኤርፖርት ፓርኪንግ ሻትል አውቶቡስ ይነዱ ጀመር። የልብ ወዳጃቸውን አቶ ሱልጣን አህመድን ያገኙት እዚያ ነው። ከሥራ መልስ እያጠኑ የሙያ ፈተናውን አልፈው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ሎረንስቪል በሚገኝ ላቦራቶሪ ወደ ማይክሮስኮፓቸው ተመለሱ። በ2003 ስኔልቪል ቤት ገዙ።

ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ የምርመራ ውጤት ይዞ የሚጠብቃቸው ሰው አይጠፋም ነበር። ለሁሉም መልሳቸው አንድ ነው፦ “ደም ማነስ የበሽታ ስም አይደለም። ደሙን ምን በላው ብለህ ጠይቅ።” በዚህ ምክር በጊዜ ታክመው የዳኑ ዛሬ በመካከላችን ቆመዋል።

እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ይደክማቸውና ይገረጡ ጀመር። ሲጠየቁ “ደም ማነስ ነው፣ ያልፋል” ይሉ ነበር። ሰዉም እንደ ልማዳችን ቀይ ሥር፣ ምስርና የብረት ክኒን ይዞ መጣ። አቶ ሱልጣን ከቢፈርድ ሀይዌይ ገበያ ጉበት እየገዙ ያመጡላቸው ነበር። “ጋሼ፣ ይህን በልተው ካልቀሉማ ቀለም ነው የምንቀባዎት” ሲሏቸው ሳቅ ብለው ይበላሉ። ወ/ሮ ፋናዬ ግን ሐኪም ጋ እንዲሄዱ መጎትጎታቸውን አልተዉም፦ “ለሰው ሲሆን ሐኪም ነህ፤ ለራስህ ሲሆን መስሚያ የለህም!”

አቶ ዘገዬ ግን ያውቁ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ የጣታቸውን ደም መስታወት ላይ ቀብተው በማይክሮስኮፕ አይተውታል። ጤነኛ ቀይ የደም ሕዋስ ክብ ነው፤ ጠርዙ ለስላሳ፣ መሐሉ ሳሳ ያለ። የእሳቸው ግን ከፊሉ መሐሉ ላይ ነጥብ እንዳለው ዒላማ ሆኗል፤ ከፊሉም ዙሪያውን እሾህ አብቅሏል። ጉበት ክፉኛ ሲጎዳ በደም ውስጥ ያለው ስብ ሥርዓቱን ያጣል፤ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ተከማችቶም ቅርጹን ይለውጠዋል። እንዲህ የሆነውን ሕዋስ ጣፊያ ቶሎ ያፈርሰዋል፤ ደምም ያንሳል። ያንን እሾህ ቀይ ሥርም ሆነ የብረት ክኒን አያቃናውም። አቶ ዘገዬ ይህን ከማናችንም በላይ ያውቁ ነበር።

ያወቁትን ያልተናገሩት ስማቸውን ፈርተው ነው። በእኛ ዘንድ ጉበት ታመመ ሲባል ቀድሞ የሚወራው መጠጥ ነው። የማኅበራቸው ሰብሳቢ ሆነው ስንቱን ጠጪ የመከሩት፣ መጠጥ በአፋቸው ዞሮ የማያውቀው አቶ ዘገዬ፣ ያን ሐሜት መሸከም አልቻሉም። ደም ማነስ ማንንም አያሳፍርምና እሱን መረጡ። አንድ ዓመት እንዲሁ አለፈ።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 ደም አስመልሷቸው ሆስፒታል ገቡ። ዐይናቸው ቢጫ ሆኖ ነበር። ምርመራው ለብዙ ዘመን ተደብቆ የኖረ፣ ሄፓታይተስ ቢ የሚባል የጉበት ቫይረስ አሳየ። ሐኪሞቹ ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት ባይናገሩም፣ አቶ ዘገዬ በወጣትነታቸው ደም በአፋቸው የሳቡበትን ያንን የመስታወት ቱቦ አስታወሱ። የሚያዘገየው መድኃኒት ነበረ፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበር። ያዩትን ሁሉ ለቤተሰባቸው የነገሩት ያን ጊዜ ነው። ልጃቸው ምስጋና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ “ዳዲ፣ ‘ደሙን ምን በላው’ በየሰንበቱ ለሰው ሁሉ የምትለው እኮ ነው!” ብሎ አለቀሰ። አቶ ዘገዬም እጁን ይዘው “ስሞት ደም ማነስ ነበር እንዳትሉ” አሉ።

ወ/ሮ ፋናዬና ልጆቹ ወዲያው ተመረመሩ፤ ቫይረሱ አልተገኘባቸውም፤ ክትባቱንም ጀምረዋል። ከአቶ ዘገዬ ጋር በአንድ ገበታ የበላችሁ፣ እጃቸውን የጨበጣችሁ አትስጉ፤ በዚህ አይተላለፍም። ይልቁንም ሳትመረመሩ የቆያችሁ ሁሉ ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ ቢገኝባችሁም አትፈሩ፣ አትደብቁ።

አቶ ዘገዬ በተወለዱ በ58 ዓመታቸው፣ የካቲት 3 ቀን 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩወሪ 10 ቀን 2007) ዐርፈዋል። የሠላሳ አንድ ዓመት የትዳር አጋራቸውን ወ/ሮ ፋናዬን፣ ልጆቻቸውን ሣራንና ምስጋናን፣ እንደ ወንድም የነበሩትን አቶ ሱልጣንንም ጥለው ሄደዋል።

አምላክ ታናሽ ፍርሃታቸውን ይቅር ይበልላቸው፤ በየሰንበቱ በፓርኪንጉ የቆሙለትን ሰው ሁሉ ይቁጠርላቸው፤ ነፍሳቸውንም ምንም መደበቅ በማያስፈልግበት ቤቱ ያሳርፍልን። አሜን።