አለችኝ፦ «ለ» ጠብቆ ይነበብ

የወይዘሮ አለችኝ ንጋቱ የሕይወት ታሪክ

በልጅነቴ ናዝሬት፣ ከአጥራችን ሥር የሰማሁት ወሬ ዛሬም ግማሹ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እናታችን «አለችኝ!» ብለው ታላቅ እህቴን ሲጣሩ፣ ጎረቤታችን እትዬ አምሳለ ከወዲያ ማዶ እየሳቁ «ደሞ ዛሬ ምን አለችሽ?» ይላሉ። አንድ ቀን እናታችን «አንቺ ሴትዮ፣ ‹ለ›ን አጥብቂው! ሁለት ልጅ ቀብሬ፣ እሷ አለችኝ ነው ያልኩት» አሏቸው። እትዬ አምሳለ ምን እንደመለሱ አላስታውስም። ሳቁ ግን ቆመ።

ወይዘሮ አለችኝ ከአባታቸው ከአቶ ንጋቱ ጉግሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውብነሽ ሀይለገብርኤል ጥር 12 ቀን 1946 ዓ.ም. በናዝሬት ከተማ ተወለዱ። እዚያው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሩ። መምህራን ስማቸውን አላልተው ሲያነቡት ክፍሉ በሙሉ «ምን አለችዎት?» እያለ ይስቅ ነበር። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይለይም፤ የሚያውቅ አፍ ይፈልጋል።

በሱዳን በኩል ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ገቡ። ከታክሲ ነጂው ከአቶ ይስሐቅ ሲሞን ጋር በተክሊል ተጋብተው አንዲት ልጃቸውን ሄራንን ወለዱ። ፓርኪንግ ውስጥ በካሸርነት ሲሠሩ ስማቸው አልያዝ ያለው አለቃ «አሊስ ብልሽስ?» ቢላቸው፣ «ኦኬ፣ ኖ ፕሮብለም» አሉት። ዜግነት ሲወስዱም በዚያው ስም ጸኑ። ኋላ ፌርፋክስ መንገድ ላይ የከፈቱት የቅመማ ቅመም ሱቅ እንኳ «አሊስ» ተባለ። እኛ ታናናሾቻቸው «እትዬ» እንላቸዋለን እንጂ ታላቅን በስም አንጠራም። ስሙን እንደ እናታችን አጥብቀው የሚጠሩት ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 አቶ ይስሐቅ ሲያርፉ ያ አፍ አብሯቸው ሄደ።

ባለፈው ዓመት የጉበት ሕመም ጠናባቸው። ሄራን ነፍሰ ጡር ነበረችና ወይዘሮ አለችኝ አንድ ነገር ለመኗት፤ ሴት ከሆነች ስሜን ስጪልኝ ብለው። ቀጥሎ ያለውን እንድጽፍ የፈቀደችልኝ ራሷ ሄራን ናት።

«እማዬ፣ ቲቸሯ እንዴት ብላ ትጠራታለች? ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ኮሬክት ስታደርግ ልትኖር ነው?» አለችና ስልኳን ከፍታ ስሙን አሜሪካ ውስጥ ለሕፃናት በሚወጡ ስሞች ዝርዝር ላይ ፈለገች። «ይኸው፣ ሊስቱ ላይ አንድም ሰው የለም። ዜሮ ነው።»

«እኔስ የት ሄድኩ?»

«አንቺማ አሊስ ነሽ።»

ወይዘሮ አለችኝ ሳቁ። እሷ ከወጣች በኋላ ግን ወደ እኔ ዞረው፣ «እውነቷን ነው። እኔው ነኝ ያላላሁት» አሉ። ሕፃኗ በየካቲት ተወለደች፤ ሚላ ተባለች። አያቷ ታቅፈው መረቋት፤ የስሙን ነገር ዳግመኛ አላነሱም።

ወይዘሮ አለችኝ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው፣ ፓልምስ በሚገኘው ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ልጃቸውን ሄራንን፣ የልጅ ልጃቸውን ሚላንና ይህን የጻፍኩትን ታናሽ ወንድማቸውን ተስፋሁንን ትተው ሄደዋል። ወለተ ሥላሴ ብሎ በክርስትና ስማቸው የሚያውቃቸው አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ እኛንም ያጽናን።

ይህን ጽሑፍ በቀብሩ ላይ የምታነበው ሄራን ናት። ትናንት አብረን ስንለማመድ ስሙ ላይ ስትደርስ አላላችው። አረምኳት።

«ሶ፣ ጋሼ፣ ሲጠብቅ ምን ማለት ነው?»

«ሌሎቹ ሄደው እሷ ቀረችልኝ፣ ማለት ነው።»

ጭኗ ላይ የተኛችውን ልጇን አየቻት። «ቤት ውስጥ እንደዛ እጠራታለሁ» አለች። «እስክለምደው አንተ ታርመኛለህ።»

እሺ ብያታለሁ።