ስልኬ የሰማልኝ

ለእታለሜ፣

ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? ደረጃውን ያለ ድጋፍ መውረድ ጀመርሽ? መጀመሪያ እሱን ጻፊልኝ፤ ያንቺ መበርታት ለኔም ብርታት ነው። እኛ ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ሐኪም ፊት ስቀመጥ ጆሮዬ እንደሚደፈን ታውቂያለሽ። ባለፈው “ምን አለችሽ?” ብትዪኝ ትዝ ያለኝ የጋዋኗ ቁልፍ ብቻ ነበር። “እንግዲያው በስልክሽ ቅጂው” ያልሽኝን ይዤ፣ የጡቴን ምርመራ ውጤት ልሰማ ከባለቤቴ ጋር ስንገባ ገና ሳልቀመጥ ፈቃድ ጠየቅሁ። ሐኪሟ ፊቷን ቅጭም አድርጋ፣ “ልትከሺኝ ነው እንዴ?” አለችኝ። “ኧረ ዶክተር፣ እኔ ስፈራ አልሰማም፤ ቤቴ ገብቼ ልስማዎት ብዬ ነው” አልኳት። ሳቀችና ስልኩን ራሷ ወደ መሃል ሳበችው። ባለቤቴ ግን፣ “እኔ አለሁ አይደል የምሰማልሽ?” እያለ አጉረመረመ።

ወዲያው ነርሷ ለደም ምርመራ ጠራችኝ። ስልኬን እየቀዳ ጠረጴዛው ላይ እንደተውኩት ወጣሁ። ስመለስ ባለቤቴ ቦርሳዬንና ስልኬን ይዞ በር ላይ ቆሟል። “ቀላል ነገር ነው፤ በመድኃኒት ይጠፋል አለች” ብሎ አቀፈኝ። እጁ በረዶ ነበር።

በማግስቱ እሱ ሥራ ሲሄድ፣ ልብስ እያጠብኩ ቅጂውን ከፈትኩት። በሩ ሲዘጋ ይሰማል፤ ከዚያ የሱ ድምፅ፦ “ዶክተር፣ እሷ ጥላዋን የምትፈራ ሰው ናት። ለኔ ብቻ ይንገሩኝ።” ሐኪሟ፣ “ሕመሙ የሷ ነው። ሳምንት ስትመለስ እኔ እነግራታለሁ” አለችው። አልተዋትም፤ ለመናት። በመጨረሻ፣ “ካንሰሩ ጉበቷ ላይ ደርሷል” አለች። እታለም፣ አባቱን ሲቀብር እንባ ያልወጣው ሰውዬ እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ ሰማሁት። የቧንቧው ውኃ ገንዳውን ሞልቶ እግሬን ሲያርሰው ነው የነቃሁት።

ሲመለስ ስልኩን ፊቱ አስቀምጬ ከፈትኩለት። ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ ያዝኩት። “ፈርቼ ነው” አለኝ። “ወይ ጉድ፣ ሁለት ፈሪ ባንድ ቤት!” አልኩት። ሳቅን። ሳቁ ግን አላለቀልንም፤ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ።

ትናንት አብረን ወደ ሐኪሟ ተመልሰን ሄድን። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ሁሉንም ጠየቅኋት፤ ሁሉንም ነገረችኝ። ሕክምናው ሰኞ ይጀመራል። የመጨረሻ ጥያቄዬን መልስ ግን በወረቀት አልጽፍልሽም።

ነይልኝ። ትልቁን ሻንጣ ያዢ። ልጄ መብራት ከጠፋ አትተኛም። ስትዋሽ ጆሮዋን ታሻለች። ጸጉሯን ስትሠሪ ከኋላ ጀምሪላት፤ ከፊት ሲሆን ታለቅሳለች። ቀስ እያለች ትልመድሽ።

ፈጣሪ ከኔ የቀነሰውን ባንቺ ዕድሜ ላይ ይጨምርልኝ።

ታናሽሽ