ወላሂ ያልተባለበት ምስክርነት

ከሚሴ፣ ጥር 1979 ዓ.ም.

ውድ አስያ፣

በፈተና አንደኛ የወጣ ሐኪም ለስፔሻሊስትነት ትምህርት ሳይመረጥ እንዴት ይቀራል? ስሜን ከተመራጮቹ መካከል ስታጪው ይህን ሳትጠይቂ አልቀረሽም። እኔም ስጠይቅ ከርሜ መልሱን ያገኘሁት ትናንት ነው።

አንቺ ስትገቢ የፈተና ውጤትና የአገልግሎት ዘመን ይበቃ ነበር። ዘንድሮ ግን «የሚያገለግለው ሕዝብ ይመስክርለት» ተባለ። ከደሴ ሦስት ጓዶች መጥተው ቀበሌው አዳራሽ ሰው ሰበሰቡ። እኔ ዝም በል ተብዬ ከኋላ ተቀመጥኩ። ልቤ ግን አዲስ አበባ ገብታ፣ አንቺ ካለሽበት ሆስፒታል ነጭ ጋውን ለብሳ ትዞር ነበር።

መጀመሪያ እትዬ አሻ ተነሱ። ልጃቸው ምጥ ጠንቶባት ከነሕፃኗ ያተረፍኩላቸው ሴት ናቸው።

«እጁ ይንቀጠቀጣል» አሉ። «መርፌ ይዞ ሲመጣ እኛ ነን አብሽር የምንለው!»

አዳራሹ ሳቀ። ሼኽ ሙሐመድዘይን ቀጠሉ፤ «ገና ልጅ ነው፤ ወባና ጉንፋን አይለይም። ይህን ወስዳችሁ ምን ታደርጉታላችሁ?»

አስያ፣ ስለ ዝናብ ሲያወሩ እንኳ ወላሂ የሚሉ ሰው ናቸው። ያን ቀን አንዴም አላሉም። እኔ ግን ከእንባዬ ጋር ስታገል ልብ አላልኩትም።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ከበደኝ። ከጨፋ የመጣ የወባ በሽተኛ በረንዳው ላይ ተኝቶ፣ እጄ እውነት ይንቀጠቀጥ ይሆን እያልኩ አየዋለሁ።

ትናንት ሼኹ ለደም ግፊታቸው መጡ። መለኪያውን ክንዳቸው ላይ እየጠቀለልኩ አላስችል አለኝ። «አባቴ፣ ምን በድያችሁ ነው?»

«ምን ትበድላለህ!» ደነገጡ። «ወላሂ እንዳንተ ያለ ሐኪም ከሚሴ አላየችም። ጎበዝ ከሆነ ይወስዱታል ሲባል ሰማን! ተመካክረን፣ መሐላ ሳንነካ አጣጣልንህ። አብሽር፣ አሁን ማንም አይወስድህም!»

ኮርተው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። «የሚወስዱኝ እኮ ለትምህርት ነበር» ልላቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ካንተ በፊት የነበረው ከሄደ በኋላ አንተ እስክትመጣ ሐኪም የሚባል አላየንም። የአሻ ትልቋ ልጅ ያኔ ነው በምጥ የሞተችው።»

መለኪያውን ከክንዳቸው ፈትቼ ግፊታቸውን መዘገብኩ።

ደክሞኛል፣ አስያ። ሰው የሚናደድበት ሲያጣ እንዲህ ይደክመዋል መሰለኝ። በመጪው ዓመት ጓዶቹ ተመልሰው ይመጣሉ። ሼኹን «መማር እፈልጋለሁ፣ የማገባትም ልጅ እዚያ ናት» ብላቸው፣ አውቃቸዋለሁ፣ ለእኔ ብለው እውነቱን ይናገራሉ፤ ወላሂም ይጨምሩበታል። በእኔ ቦታ የሚመጣ ሐኪም ግን የለም፤ ደሴ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ዝም ካልኩ ደግሞ ኒካሐችን ዘንድሮ እንደተገፋ ከርሞም ይገፋል።

አሁንም መማር እፈልጋለሁ፤ እንዲያውም ከድሮው ይልቅ። ግን የሚባክነው ያንቺም ዕድሜ ስለሆነ ብቻዬን አልወስንም። ልንገራቸው ወይስ ልተው? መልስሽ እስኪደርስ ለማንም አልተነፍስም። እንደ እጮኛዬ ትመልሺልኝ ወይም እንደ ሐኪም፣ የቱን እንደምመርጥ እኔም አላውቅም፤ ብቻ ጻፊልኝ።

ያንቺው ዘይኑ