የማን ሰባ አራት?

አዲስ አበባ፣ አራዳ
የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከመግሪብ በኋላ

ለውዷ ረይሀና፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ኢክራ እዚያ ደርሳ ከሆነ የሞተርሳይክሏን ቁልፍ ተቀብለሽ ደብቂው። ሌላውን ከዚያ በኋላ ታነቢዋለሽ።

ደበቅሽው? እሺ። አሰላሙ ዐለይኪ ወራህመቱላህ። እህትሽ እንዴት ናት? የደሴ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ውሸት ይሆንብኛል። ከቀትር ጀምሮ ስልክ ስደውል ነው የዋልኩት።

ልጅሽ ዛሬ ሱብሒ ሰግዳ በዚያችው በጀርመኗ ሞተርሳይክል ወደ አንቺ ተነስታለች። «ረመዳን ሳይገባ እማዬን አይቻት ልምጣ፤ ግን አደራ፣ እንዳትነግራት» ብላ አስማለችኝ። ደብረ ብርሃን ቁርስ ስትበላ ደውላ «አባዬ፣ ሞተሩ ቅቤ ነው!» ብላ ሳቀች። እኔም እንደ ጅል አብሬያት ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም። ከደብረ ሲና ወዲያ ከረፋዱ ጀምሮ ኔትወርክ የለም ይላሉ። ያንቺም ስልክ አይጠራም። በደህናውም ቀን የእኔን ስልክ አታነሺም፤ ዛሬ ግን ብትሰድቢኝ እንኳ ደስ ባለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛዋ ሞተርሳይክል በፈረንጅ የሰባ አራት ሞዴል ናት። ለመለዋወጫ ብዬ ስገዛት የተጣላሽኝ፣ ያቺ የተገጨችው ደግሞ በፈረንጅ የሰማንያ ሁለት። ለዓይን መንታ ናቸው። መብራቱን፣ መሪውን፣ ካርቡራተሩን ከአንዷ እያወለቅኩ ለሌላዋ ሳለብስ ኖሬያለሁ፤ ሥራችን ይኸው አይደል? ፒስተናቸው ግን አይዋዋስም። የድሮዋ ሲሊንደር ውስጡ ብረት ነው፤ የኋለኛዋ ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም። የኋለኛዋ ፒስተን ብዙ ክፍተት ሳይተውለት ነው የተሠራው፤ ሲግል ሲሊንደሩም አብሮት ስለሚለጠጥ ችግር የለበትም። ብረቱ ውስጥ ሲገባ ግን ፒስተኑ ያብጣል፣ ብረቱ ቦታ አይለቅለትም። እዚህ በብርዱ ምንም አይታወቅሽም። ቸርችልን ስትወጣና ስትወርድ ራሴ ቆሜ ሰምቼያታለሁ፤ ድምፅዋ እንከን አልነበረውም። በቆላ ሙቀት፣ ረጅም ዳገት ላይ ግን ፒስተኑ ይነክሳል፤ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ሲነክስ የኋላ ጎማው በአንዴ ቀጥ ይላል።

ባለፈው ሳምንት ፒስተን ልቀይርላት ስነሳ «74» የሚል የወተት ጣሳ አገኘሁ። ጽሑፉ ያንቺ ነው። የምፈልገው ሰባ አራት፣ ያገኘሁት ሰባ አራት፤ ቢስሚላህ ብዬ ገጠምኩት። ዛሬ ቀትር ላይ ካንዴላ ስፈልግ ሌላ ጣሳ ብከፍት «66» ይላል፤ እሱም ባንቺ እጅ። የስድሳ ስድስት ሞዴል መቼ ነበረን ብዬ ጨርቁን ብፈታው የድሮዋ ፒስተኖች ናቸው። ያን ጊዜ ገባኝ። ለካ አንቺ ሞዴሉን በእኛው ዓመት እየመለስሽ ነበር የምትጽፊው። የገጠምኩት «74» በፈረንጅ ሰማንያ ሁለት፣ የዚያች የተገጨችው ፒስተን ነበር። «በሀበሻ አገር የፈረንጅ ዓመት አልጽፍም» እያልሽ ስትፎክሪ እኔ እስቅ ነበር።

ጥፋቱ ያንቺ ነው እያልኩ አይደለም፤ በአላህ ይዤሻለሁ፣ እንዲህ አድርገሽ እንዳትረጂው። ጋራዡ ሳለ «ሰባ አራት አቀብይኝ!» ስልሽ ቀና ብለሽ «የማን ሰባ አራት? የእኛ ወይስ የነሱ?» ትዪኝ ነበር። ስንት ዓመት በዚያች ጥያቄ ሠራን! ጋራዡ ፈርሶ ዕቃው ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ሳሎን ሲገባ፣ «እኔን ከካምቢዮ ጋር ልታስተኛኝ ነው?» ብለሽ ደሴ እህትሽ ዘንድ ሄድሽ። ልክ ነበርሽ። ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው የለም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚሉት ሆነብኝ። እኔ ባፈስኩ ደግሞ ዳገት ላይ ያለችው ልጄ ናት።

ሌላም አለ። ከመነሳቷ በፊት የኋላውን ወንበር አስፍቼ ስፖንጅ እንድጨምርበት ለምናኝ ነበር። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። አንቺን ይዛልኝ ልትመለስ እንደሆነ ጠርጥሬ፣ ብጠይቃት ሐሳቧን እንዳትቀይር ፈራሁ። አሁን ግን ሁለት ሰው ተጭኖባት ሐረጎን ስትወርድና ጣርማ በርን ስትወጣ እየታየኝ መቀመጥ አቅቶኛል። መምጣት ብታስቢ እንኳ፣ እባክሽ፣ በአውቶቡስ ይሁን።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ። ሞተር ሲነክስ መድኃኒቱ ፍሪሲዮኑን ቶሎ መጨበጥ ነው፤ ጎማው ነፃ ይወጣል፣ እየተንከባለልሽ ትቆሚያለሽ። ይህን አስተምሬያታለሁ? ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ፤ አልመጣልኝም። ዘይት መቀየር አስተምሬያታለሁ። ካንዴላ ማጽዳት፣ ጎማ መለጠፍ፣ ከሌባ ጋር መከራከር ሳይቀር አስተምሬያታለሁ። ይህን ግን እንጃ።

ጎረቤታችን ሐዱሽ፣ ወርቅ ሠሪው፣ ሁኔታዬን አይቶ ሱቁን ዘግቶ መጣ።

«አብዱ፣ ቀዝቀዝ በል እንጂ! ልጅቷ ካንተ በላይ ነጂ ናት። ድምፁ ከተለወጠባት ታቆማታለች።»

«ድምፁ ሳይለወጥ ቢነክስስ?» አልኩት።

የራሱን ትንሽ ሞተርሳይክል ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። መብራቷ ስለማይሠራ ነው እንጂ አሁኑኑ በወጣሁ ነበር። ጎህ ሲቀድ እነሳለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ የደሴው አውቶቡስ ሾፌር ዘርዓብሩክ ነው። «በዚህ ዘመን ደብዳቤ? ጋሼ፣ ፖስታ ቤት መሰልኩዎት እንዴ?» ብሎ ሊቀልድብኝ ነበር፤ ምክንያቱን ስነግረው ቀልዱን ዋጠው። እሱ ይቀድመኛል። እኔ በየሻይ ቤቱና በየጤና ጣቢያው እየጠየቅኩ፣ ከመንገዱ ዳር ወደ ገደሉ እያየሁ ነው የምመጣው። ትክክለኛዎቹን ፒስተኖች ይዣለሁ።

ደጄን እንዳትረግጥ ማለትሽን አልረሳሁም። የምመጣው ለልጄ ስል ብቻ ነው ብልሽ ግማሹን መደበቅ ይሆንብኛል፤ ናፍቀሽኛል፣ ረይሀና። ኢክራ ደርሳ ከሆነ ግን ምንም አልጠይቅሽም። ግቢው ውስጥ ሞተሩን ፈትቼ እገጥማለሁ፤ ሂድ ካልሽኝ ውኃ እንኳ ሳልቀምስ እመለሳለሁ። መንገድ ላይ ካገኘኋት አብረን እንመጣለን።

እሷ እዚያ ሳትኖር እኔ ብቻዬን መጥቼ ባንኳኳ ግን፣ በሩን አትክፈቺልኝ።

አላህ ልጃችንን ከክፉ ይጠብቅልን፣ አንቺንም በእሷ አያስለቅስሽ። አሚን በዪልኝ።

የኢክራ አባት፣
አብዱልሃኪም