መጥረጊያሽን የወሰድኩት እኔ ነኝ

የአክስቴ ልጅ፣

የኮሪደሩን አምፖል ለቀረጻ ፈትቼዋለሁ፤ ስትገቢ እንዳትደናቀፊ።

ለእናቴ "ትምህርት ብላ ፊልም ላይ ተጥዳ ትውላለች" ብለሽ ነግረሻታል።
አዎ፣ አስራ አራት የወጣቶች አስፈሪ ፊልም አይቻለሁ። ለፊልም ትምህርቴ የራሴን ፊልም የመክፈቻ ትዕይንት ከመቅረጼ በፊት ማጥናት አለብኝ። በሁሉም ላይ ልጅቷ ኮሽታ ትሰማለች፣ "ማነው?" ብላ በር ትከፍታለች፣ ትሞታለች።

ቅዳሜ ቁም ሳጥንሽ ውስጥ የተደበቅኩት ይህንኑ ልሞክር ብዬ ነበር። አንቺ ግን "ማነው?" እንኳን ሳትዪ በመጥረጊያ እንጨት አናቴን አልሽኝ።
ስላስደነገጥኩሽ ጥፋቱ የኔ ነው።
ለፊልሙ ግን ይቅርታ የለም።

በኔ ፊልም ላይ ልጅቷ በሩን የምትከፍተው ያንቺን መጥረጊያ ይዛ ነው። የፊልም መምህሬ "ካልሞተች አስፈሪ አይሆንም፣ አርሚው" ብሎኛል።
አላርምም። እሱ አንቺን መጥረጊያ ይዘሽ አላየሽማ!